መነጽሩ ከደረሰ ወዲህ

ጥቅምት 9

ወንድምዬ፤

እንደምን ከረማችሁ? አንተስ፣ ሚስትህ መርፌስ፣ ሱቁስ፣ ያ እንደ ሽማግሌ የሚያጉረመርም የስፌት መኪናህስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፤ ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ። እዚህ ሆቴላችን እጥበት ክፍል ውስጥ ላሉት ሴቶች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «በላክሁለት መነጽር ወንድሜ ቀይ አየ!» ስል ልብስ ተኳሿ ካውያዋን አንሶላ ላይ ረስታ መስኮት የሚያህል ቀዳዳ ከፈተችበት። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ማን ይቆጣታል? እኔው ራሴ አቅፌ ሳምኳት።

ግን አንተ ሰውዬ፣ እንደዚህ ያለ ነገር በአራት መስመር ይጻፋል? «ደረሰኝ። አደረግኩት። ልዩነት አለው። መርፌ አለቀሰች።» አለቀ! ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ የሐኪም ማዘዣ? እኔ ብሆን ኖሮ ደብተር እጨርስ ነበር።

መርፌ አለቀሰች ስትል እኔም አለቀስኩ። እንኳን አለቀሰች! ማን ያልቅስ ታዲያ? ልጅ ሆነህ ቲማቲም ልቀም ስትባል ጥሬውን ከበሰለው ቀላቅለህ መጥተህ አባባ «ይሄ ልጅ ያሾፍብኛል» እያለ ሲያባርርህ፣ ዓይንህ ቀይና አረንጓዴውን አንድ አድርጎ እንደሚያይ ማን አወቀልህ? እንዲህ ሆነህ ደግሞ «ልብስ ሰፊ እሆናለሁ» አልክ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሳቀ፤ እኔ ራሴ ትንሽ ስቄያለሁ። ከዚያ ያቺ እንደ ክር የቀጠነች፣ እንደ መርፌ የምትዋጋ ልጅ መጣችልህ፤ «መርፌ» ያልናትም ለዚሁ ነው። ክሩን እሷ ትመርጣለች፣ አንተ ትሰፋለህ፤ ጨርቁን እሷ ታዛምዳለች፣ አንተ ትቆርጣለህ። የእሷ ዓይንና የአንተ እጅ ተጋብተው የወለዱት ሱቅ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ የማወራው ለዚህ ነው።

ስለ መነጽሩ አንድም አልጠየቅከኝም፤ እኔ ግን ሳልነግርህ አልቀርም። የመነጽር ቤቱ ሰውዬ ያለኝን ቃል በቃል ልንገርህ፦ «እህቴ፣ ይሄ ዓይን አይቀይርም። የተጣበቁትን ቀለሞች ያላቅቃል እንጂ። ማን ምን እንደሚባል ግን እንደ ሕፃን መማር አለበት።» እና ተማር! አስተማሪህ እንደሆነች ቤትህ ናት፤ ክፍያም አትጠይቅህም።

ከመነጽሩ ጋር የላክሁትን ሹራብስ? ቀለሙን ሆን ብዬ አልጻፍኩልህም። ፈተና ነው። ለይተህ ጻፍልኝ።

«ደውዪ» አትበለኝ። ስልክ ላይ ከ«እሺ እትዬ» ሌላ ቃል አይወጣህም። ጻፍ!

የምትወድህ እትዬ


ኅዳር 3

እትዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እኛ ደህና ነን። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ብዙ ጻፍ ስላልሽኝ ልሞክር። መነጽሩን ጠዋት ጠዋት አደርገዋለሁ። መንገድ ዳር የሚቆም አንድ የጭነት መኪና አለ፤ ስንት ዘመን በአጠገቡ አልፌያለሁ። በመነጽሩ ሳየው ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ቀይ ነው ለካ። ቀይ እንደዚያ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። የሰው ከንፈርም ከፊቱ የተለየ ቀለም አለው። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ስሞቹን መርፌ ታስተምረኛለች። ክሩን አነሳለሁ፣ ስሙን ትነግረኛለች። ቶሎ አትመልስም፤ መጀመሪያ «አንተ ምን ይመስልሃል?» ትለኛለች። ሹራቡን አሳየኋት። ጥቁር ነው አለች። ደግሜ ጠየቅኳት፣ ጥቁር ነው አለች። ፈተናሽን አለፍኩ?

አንቺ ከጨርቅ ጋር ነው የምትውይውና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ክር መደርደሪያ ላይ ሲቆይ ቀለሙ ወደ ሌላ ቀለም ይለወጣል? የተማሪዎች የደንብ ልብስ የሰፋሁበት ክር በመነጽሩ ሳየው ከጨርቁ ጋር አልገጠመልኝም። መነጽሩ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ሥራውን ለሌላ ሰጥቷል፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ደብዳቤሽን ራሴ ነው ያነበብኩት። መርፌ «የእህትህ ነው፣ አንተ አንብበው» ትላለች። እጇም እርጥብ ነው። የሸሚዞቼ ነጭ ኮሌታዎች ቢጫ ሆኑ ብላ በረኪና ውስጥ ትዘፈዝፋለች፤ ጣቶቿ ተላልጠዋል። ለእኔ ነጭ ናቸው። ግን በቀለም ነገር እኔ ማን ነኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 19

ወንድምዬ፤

ጥቁር? ጥቁር! ኧረ በስመአብ! ወይን ጠጅ ነው እኮ! እንዴት ያለ ወይን ጠጅ መሰለህ፤ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ሳየው ዓይኔ ውስጥ የገባ። አንተስ ይሁን፤ ጀማሪ ነህ። መርፌን ግን «በኩርፊያ ነው ወይ እንዲህ ያልሽው?» በልልኝ። ሹራብ ለባል ብቻ ልኬ ለሚስት ሳልልክ ቀርቼ ከሆነ የሚቀጥለው የእሷ ነው፤ ንገራት።

ክርህ ደግሞ አይለወጥም። ክር በፀሐይ ይደበዝዛል እንጂ አንዱ ሌላውን አይሆንም። አሮጊት ትሸብታለች እንጂ ሽማግሌ አትሆንም! መነጽሩንም አትስደብብኝ። ቢሆንም ልቤ አላርፍ ብሎኝ መነጽር ቤት ሄጄ ጠረጴዛውን ደበደብኩለት። «የወንድሜን ዓይን ታበላሽበታለህ ወይ?» አልኩት። ሰውዬው ትዕግሥተኛ ነው። «ስማቸውን የሚያስተምረው ማን ነው?» አለኝ። «ሚስቱ፣ ዓይኗ የጭልፊት የሆነ» አልኩት። «እንግዲያው መነጽሩ ምንም አይሆንም» ብሎ ሸኘኝ። እየሳቅኩ ነው የወጣሁት።

በረኪናውን ግን ተዉት። በረኪና ነጭን ነጭ አያደርግም፤ ጨርቁን ይበላዋል። እዚህ ክፍላችን ውስጥ አንሶላ የምታጥፍ አንዲት ሴትዮ ነበረችን። የታጠበውን፣ የተተኮሰውን፣ በረዶ የመሰለውን አንሶላ «ቢጫ ነው» እያለች ትመልስብን ነበር። እንዴት ተጣላናት መሰለህ! ኩራት ነው ስንል፣ ክፋት ነው ስንል፤ ለካ ሴትዮዋ ዓይኗን

ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩ። አሁን በማግሥቱ ነው የምቀጥለው።

ወንድምዬ፣ ቀስ ብለህ አንብበኝ። ያቺ ሴትዮ ዓይኗን ታማ ነበር። ሞራ ሸፍኖት ነጩን ሁሉ ቢጫ አደረገባት፤ ጠቆር ያለውን ሁሉ ጥቁር። ለማንም አልተናገረችም።

ደብዳቤዬን ከእጅህ የሚነጥቅ ማን ነበር? መርፌ አልነበረችም? የቀለድኩበትን ቦታ ደግማ አንብባ «እህትህ እብድ ናት» የምትል? «አንተ አንብበው» ማለት የጀመረችው መቼ ነው? መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባው አሁን ማነው፣ እሷ ናት ወይስ አንተ? ስም ስትጠይቃት «አንተ ምን ይመስልሃል?» የምትልህ ልታስተምርህ ነው ብለህ ነው?

ክሩ አልተለወጠም። መነጽሩም ደህና ነው። ትምህርት ቤቱም የሄደው በምክንያት ነው።

የዚያን ቀን ያለቀሰችው ደስ ብሏት አይመስለኝም። እኔ ጅሏ አብሬያት አለቀስኩ።

ደብዳቤውን ከእሷ ደብቀው ልልህ ነበር። ከዚያ መደበቅ እንደማያስፈልግህ ገባኝ። ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን ብትተወውስ ምን ታያለች?

ሐኪም ቤት ውሰዳት። ካላመንከኝ ቀይና አረንጓዴ ክር አንሳና ጠይቃት፤ በዚያው ታያለህ።

እትዬ


ታኅሣሥ 2

ለእህቴ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ሚስቴን እንደ ሌባ በወጥመድ አልይዝም። እኔ ቀይና አረንጓዴ የማላይ ሰው፣ የእሷን ዓይን ልፈትን? ስትስቂብኝ ኖረሽ አሁን ደግሞ ወደ እሷ ዞርሽ። ሰው ሲደክመው «አንተ አንብበው» ይላል። ሰው ነጭ ልብስ ይወዳል። ከሩቅ ሆነሽ ቤቴን አትመርምሪ።

መነጽሩን ሣጥኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። ስለ ልፋትሽ አመሰግናለሁ። ያለ እሱም ኖሬያለሁ።

ሰላም ሁኚ።


ታኅሣሥ 21

ወንድምዬ፤

«ለእህቴ» ብለህ ጀመርክ። እትዬ እንኳ ነፈግከኝ።

እሺ፣ ይቅርታ። ስለ ወጥመዱ ይቅርታ፤ ልክ ነህ፣ የባል ሥራ አይደለም። አፌ እንደሚቀድመኝ ታውቃለህ፤ እጥበት ክፍሉም «ሬዲዮ» ነው የሚለኝ፤ መዝጊያ የሌለው። ስቄብህ ከሆነም ይቅርታ። መርፌንም ይቅርታ ጠይቅልኝ ልልህ ነበር፤ ግን ያልነገርካትን በደል እንዴት ብለህ ይቅርታ ትጠይቅልኛለህ?

ዝም በይ ብትለኝ ግን ዝም አልልም። ይኸውልህ፤ ያቺ አንሶላ አጣፊ ሴትዮ በመጨረሻ ሐኪም ፊት ቀርባ የሰማችውን ላልነግርህ አስቤ ነበር። «ምነው ቀደም ብለሽ ብትመጪ» ነው ያላት። ሌላ አላለም። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ከጆሮዋ አልወጣም፤ ስትተኛም የምትሰማው ይመስለኛል። መርፌ ይህን ቃል እንዳትሰማ ነው የምለፈልፈው። ከዚህ ሌላ በቤትህ ጉዳይ ምንም የለኝም።

መነጽሩን ሣጥን ውስጥ መመለስህ ለእሷ አዝነህ ነው፤ ገብቶኛል። ለእሷ ክብር ስትል ዓይንህን ጨፈንክ። ግን አንተ በጨፈንክ ቁጥር የእሷ ቀን ይሄዳል። አንዳንዱ የዓይን ሕመም ጊዜ ይሰጣል፣ አንዳንዱ አይሰጥም። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ። የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰዳት።

ከተናደድክ ተናደድ። ስድብም ቢሆን ጻፍልኝ፤ ብቻ ወረቀቱ ባዶ እንዳይሆን። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው። (ደህና አይደለም፤ ግን የአሁኑ ተራ የእሱ አይደለም።)

እትዬህ


ጥር 28

እትዬ፤

ሳልጽፍ የቆየሁት ልቀጣሽ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እንዴት ነገርካት ብለሽ ትጠይቂያለሽ። አልነገርኳትም። ያን ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን ተሸክሜው ዞርኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት መነጽሩን አድርጌ ሱቅ ተቀመጥኩ። አረንጓዴ ክር ስጪኝ አልኳት። ሰጠችኝ። «ይሄ አይደለም» አልኩ። ሌላ ሰጠችኝ። «ይሄም አይደለም» አልኩ። ድምፄን አላነሳሁም። መደርደሪያውን በእጇ እየዳሰሰች ቆመች፤ አንዱን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። እንደዚያ ስትዳስስ አይቼ አላውቅም። ወይም አይቼ አላስተዋልኩም። መጨረሻ ላይ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ» ያለችው እሷው ናት።

ሐኪሙ ያንን ቃል ተናገረ፤ ያን አንቺ የፈራሽውን። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር።

ሞራው ይገፈፋል አለ። የባሰው ግን ከሞራው ጀርባ ያለው ነው፤ የዓይን ግፊት ይሉታል። የግራ ዓይኗ ካለቀ ቆይቷል። የቀኙ ከዳር ዳር እየጠበበ ነው። የቀረውን ያዘዘላት የዓይን ጠብታ ሊያቆይላት ይችላል፣ ላያቆይላትም ይችላል። የሄደው ግን አይመለስም።

በመንገድ ላይ «ለምን ደበቅሽኝ?» አልኳት። «በየጠዋቱ ይሄ ምንድነው ብለህ ትጠይቀኛለህ። አላውቅም ካልኩህ ምንህ ልሆን ነው?» አለች።  መንገድ ስንሻገር ክንዷን ያዝኩ። አላስለቀቀችኝም። ድሮ ብትሆን «ልጅ ነኝ ወይ?» ብላ በክርኗ ትወጋኝ ነበር።

አሁን የቸገረኝን ልንገርሽ። በነጋታው ጨርቅ ግዛልኝ አለች፤ ቀሚስ ስፋልኝ። መቼም ታውቂያታለሽ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጥቁር ሰማያዊና ቡና ዓይነት ነው የምትለብሰው። «ቀጭን ሰው ደማቅ ሲለብስ የክብሪት እንጨት ይመስላል» ትላለች። ጨርቅ ቤት ገባን። ጣቃውን ሁሉ አስወረደችው። ቀረብ ትላለች፣ ራቅ ትላለች፣ አንገቷን ታዘነብላለች። ባለሱቁ እስኪሰለቸው ድረስ። ከዚያ አንዱን በሁለት እጇ ይዛ «ይሄ» አለች።

ብርቱካናማ ነው እትዬ። መነጽሬን አድርጌ ነበር። መንገድ የሚሠሩ ሰዎች መኪና እንዳይገጫቸው የሚለብሱትን ሰደርያ አስቢ፤ እሱን ነው። ባለሱቁ ወደ እኔ አየና ሳቁን ዋጠ። «ያምርብሻል» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ቡና ዓይነት መስሏት ነው። ሐኪሙ ያን ሁሉ በነገራት ማግሥት፣ ይሄንንም ተሳስተሻል ልበላት?

ቆርጬዋለሁ፤ እየሰፋሁት ነው። ሰው እንዲስቅባት አልፈልግም፤ እንድታውቅም አልፈልግም። ልትጠይቂን ስትመጪ ለብሳው ታገኛታለሽ። ምንም እንዳትዪ። እባክሽ እትዬ። አንድ ጊዜ ብቻ አፍሽን ያዢልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 14

ወንድምዬ፤

ደብዳቤህን ይዤ የአንሶላው ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ አንብቢልን አሉኝ። ዛሬ የማንበቢያ መነጽሬን ረስቻለሁ ብዬ ዋሸኋቸው፤ መነጽሩ አናቴ ላይ እያለ። አዩት። ልብስ ተኳሿ ሻይ አመጣችልኝ።

ስለ መርፌ ምን ልጻፍ? ደስ የሚል ነገር ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። እኔ! ስለፈልፍ እንቅልፍ እንኳ የማያስቆመኝ ሴት! «አይዞሽ ብላለች» በላትና እጇን ሳምልኝ። ያን የተላለጠ ጣቷን ቅባት ቀባላት። በረኪናውን ጣለው።

የጠየቅከኝን ግን አልችልም። አፌን መያዝ አቅቶኝ አይደለም፤ ዘንድሮስ መያዝ ተምሬያለሁ። ነገሩ ሌላ ነው። ለምን ደበቀችኝ ብለህ አዘንክ። አሁን አንተ በተራህ ልትደብቃት ነው? ከእንግዲህ ጨርቁን የምታይላት አንተ ነህ፤ ክሩንም፣ መንገዱንም፣ የሰውንም ፊት። የሚያይላት ሰው አንዴ ከዋሻት በምን ታምነዋለች? ሰዎች ሲስቁ ከሰማች ደግሞ ቀሚሷ ነው ብላ ወዲያው ታውቃለች፤ ጆሮዋ አልታመመም። ያኔ የምታፍረው በጨርቁ አይደለም፤ በአንተ ነው።

ንገራት። ጣለው ካለች ጣለው፤ ጨርቅ ነው። ትራስ ልብስ እናደርገዋለን። ብታለቅስ ታልቅስ። ብትቆጣ ደግሞ እሰየው፤ መርፌ ተመለሰች ማለት ነው።

ቀሚሱን ሳትጨርሰው ንገራት። ቶሎ።

እትዬህ


የካቲት 29

እትዬ፤

ነገርኳት።

እጅጌውን ልለካላት ጠረጴዛው አጠገብ አቁሜያት ነበር። «ይሄ ጨርቅ ቡና ዓይነት አይደለም» አልኳት። 

«ማን ቡና ዓይነት ነው አለህ?» አለች።

«ብርቱካናማ ነው። በጣም ደማቅ ነው። ያን ቀን ያልነገርኩሽ እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

«አንተ ደግሞ! መነጽር ካደረግክ ወዲህ ዓለም ላይ ቀለም የምታይ አንተ ብቻ መሰለህ?» አለችኝ። እንደ ድሮዋ ነው የተናገረችው፤ ልስቅ ነበር። ከዚያ ጨርቁን በመዳፏ ደባበሰችው። «ሰውዬው ያወረደው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ» አለች። «ጭጋግ ላይ ጭጋግ። የታየኝ እሱ ብቻ ነው።»

 የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀባሁት፤ ዘይት አያስፈልገውም ነበር። መነጽሬን አውልቄ ጠራረግኩት።

ልኬቱን የወሰድኩት ከጉልበቷ በታች ትንሽ ወረድ አድርጌ ነበር። ጫፉን በጣቷ ፈልጋ አገኘችውና «አስረዝመው» አለች።

«እስከ የት?»

«እስከ እግሬ። ጎንበስ ስል እንዲታየኝ።»

ጨርቁ አልበቃኝም። ያ ቀለም ብዙ ገዢ የለውም ብዬ አስባለሁ፤ ግን ምን ይታወቃል። ነገ ጨርቅ ቤቱ ሳይከፈት ደጁ ላይ እቆማለሁ።

ወንድምሽ